ሸካራው መስመር

ግንቦት 14 ቀን 2006

ጥፋተኛዋ ፈንታነሽ ናት። ስሟን አስቀድሜ የጻፍኩት ኋላ ማን ነበረች እንዳይባል ነው።

እህቴ የሺ ዛሬ ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ተመለሰች። ዓይኗ ከጠፋ ጀምሮ ያለ እኔ እጅ ከዚህ ግቢ ወጥታ አታውቅም። ጠዋት ውሃ ቀድቼ ስመለስ መደቧ ባዶ ነው፤ ምርኩዟም የለም። ጫማዬን ሳላደርግ ወጣሁ። ከወፍጮ ቤቱ በታች ስደርስ ከፊት ለፊቴ ትመጣለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ምርኩዟን በድንጋዩ ላይ እየጎተተች፣ ፊቷ ሰርግ የተጠራች ሴት ፊት መስሎ።

"እታለም፣ ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"ምንም አልሆንኩ። ተሳልሜ መጣሁ" አለችኝ። "መንገዱ እኮ ይናገራል ጥሩዬ።"

መንገዱን ያናገረችው ፈንታነሽ ናት። የማኅበራችን ኃላፊ ናት። ማኅበሩ የከተማውን የእግረኛ መንገድ ድንጋይ ያነጥፋል፣ የወለቀውን ይመልሳል፣ የሰመጠውን ያነሳል። እሷ የገሳይ ገበሬ ልጅ ናት፤ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም። ባለፈው ወር በእኛ ሰፈር ስንሠራ ከመንገዱ ዳር ካለው ግንብ ጎን ጎን አንድ ረድፍ ድንጋይ ሸካራ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ ከሌላው ትንሽ ከፍ አድርጋ አነጠፈች። ከእኛ በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ድረስ። ምርኩዝ ሲነካው ይንኮሻኮሻል። ለምን እንዲህ ሆነ ስላት እዚያ አገር ለዓይነ ስውር እንዲህ ያደርጋሉ አለችኝ። "ለእማማ የሺ ብዬ ነው" አለችኝ።

እኔን ማን ጠየቀኝ?

ግንቦት 17

ቸኩያለሁ። ዛሬም ሄደች። ዛሬም ብቻዋን። ቁርሷን አቅርቤ ጠበቅኋት፤ ቀዘቀዘ።

ግንቦት 22

እግሬ አብጧል፤ ዛሬ ከሥራ ቀርቼ እጽፋለሁ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ በጎልማሶች ትምህርት፣ በሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ። የሳቁብኝን ሁሉ አስታውሳለሁ። ማኅበሩ ኃላፊ ሲመርጥ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ተባለ። እጄን አወጣሁ። አንዱ ጎረምሳ "እትዬ ጥሩወርቅ ድንጋዩን ሊባርኩልን ነው" አለ። ሳቁ። ከዚያ ፈንታነሽን መረጡ። እሷ እጇን እንኳ አላወጣችም ነበር።

የእኔ ሥራ አሸዋ ነው። ድንጋዩ ተነጥፎ ካለቀ በኋላ በየመጋጠሚያው አሸዋ እየጠረግሁ እሞላለሁ። ሰው የሚያየው ድንጋዩን ነው። ድንጋይን ከድንጋይ ጋር አጥብቆ የሚይዘው አሸዋው ነው፤ አሸዋው ከወጣ ውሃ ይገባል፣ ውሃ ከገባ ሥሩን ይበላዋል። ይህን ሁሉ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ማንም ግን እግዜር ይስጥልን ብሎኝ አያውቅም።

የሺን ስመራ ግን ይሉኝ ነበር። ስናልፍ ወንዶች ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉ ነበር። ወፍጮ ቤት ወረፋ ሲበዛ "እሷ ትለፍ፣ እህቷን ጥላ ነው የመጣችው" ይሉልኝ ነበር።

ሰኔ 3

ቦኖው ላይ ሁለት ሴቶች፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ።

"ዓይነ ስውሯን አየሻት? ብቻዋን እኮ ነው የምትሄደው።"

"ለካ ትችል ኖሯል።"

"ያቺኛዋ ናታ ይዛ የኖረቻት።"

"እጇስ ላይ ያ ጥቁረት ነበረባት አይደል፣ አሁን እኮ ጠፍቷል።"

እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስኩ። ቆዳዋ ስስ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ቶሎ ይበልዛል። ዓይነ ስውር መንገድ ሲያሻግሩት ጠበቅ አድርገው ነው የሚይዙት። ባጃጅ ይመጣል፣ አህያ ይመጣል። የማያውቅ ሰው ምን ያውቃል።

ሰኔ 11

ፈንታነሽ ዛሬ የዕድራችን ስብሰባ ላይ መጣች። የዕድሩ ዳኛ አቶ ካሳሁን ቁጭ በይ ቢሏትም ቆማ ተናገረች። ለቅሶ ሲኖር ድንኳን የሚጣለው በእግረኛ መንገዱ ላይ ነው፤ ሌላ ደልዳላ ቦታ የለንም። እና የብረቱን ካስማ ድንጋዩ መሀል አትምቱት አለች። አንድ ድንጋይ ከወለቀ በክረምት ጎረቤቱ ሁሉ ይከተለዋል አለች።

"ልጄ፣ ታዲያ ድንኳኑን ንፋስ ሲወስደው ሟቹ ተነስቶ ይያዘው?" አሉ አቶ ካሳሁን። ተሳቀ።

"አሸዋ የሞላ ጆንያ አዘጋጅተናል። ገመዱን እሱ ላይ እሰሩት።"

"ጅዳ ድንኳን የሚታሰረው በጆንያ ነው?"

"ጅዳስ ድንኳን የሚጥልልኝ ዕድር አልነበረኝም አባባ" አለች።

ሳቁ ቆመ። እሺ ተባለ። ጆንያዎቹ ለሰፈሩ ቅርብ ነው ተብሎ እኔ ግቢ ተቀመጡ። ቤት ስገባ የሺ ወሬውን ከእኔ ቀድማ ሰምታዋለች። "ምን ዓይነት አንደበት ሰጣት" አለች። ስለ እኔ አንደበት እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ዝናቡ ጀምሯል።

ሰኔ 24

አቶ ሙላቴ አረፉ። ከእኛ በር ሦስተኛው ቤት ናቸው። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ እየወረደ የዕድሩ ወንዶች ድንኳኑን ተሸክመው መጡ። ፈንታነሽ የለችም፤ እናቷን ልትጠይቅ ገሳይ ሄዳለች። አስከሬኑ ቤት ውስጥ ነው፤ ለቀስተኛውን ደጅ ላይ በረዶው ይደበድበዋል፤ ሁሉም ይጮሃል።

አቶ ካሳሁን እኔን አይተው ቆሙ። "ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ እርስዎ የሥራው ሰው ነዎት። ካስማውን የት እንምታው?"

ከግንቡ ጎን ያለውን ረድፍ አሳየኋቸው። "ከግንቡ ጎን፣ ሸካራው ላይ። ከፍ ያለ ስለሆነ ይይዛል" አልኳቸው። ሐሰት አልተናገርኩም። ይይዛል። ይህን እስክጽፍ ድረስ ያ ሁሉ ንፋስ ድንኳኑን አላነቃነቀውም።

ጆንያ የጠየቀኝ የለም። የጠየቀኝ ቢኖር እሰጥ ነበር።

ሰኔ 27

ድንኳኑ ተነሳ። ካስማው ሲነቀል ድንጋዩን ይዞ ወጣ። ጎረምሶቹ ድንጋዮቹን መልሰው በጫማቸው ረገጥ ረገጥ አደረጓቸውና ሄዱ። ቀዳዳዎቹን ጭቃ ሞላኋቸው። በዝናብ አሸዋ ማን ያወጣል። ላይ ላዩን ሲያዩት ደህና ነው።

ሐምሌ 2

ፈንታነሽ ተመለሰች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ መንገዱ ላይ ተንበረከከች። አንድ ድንጋይ አነሳች፤ ሁለተኛው ራሱ ተከተላት። ከሥሩ ያለውን አሸዋ ውሃው ወስዶት ወደ ጎርፍ መውረጃው ቦይ የሚወርድ ጉድጓድ ሆኗል፤ ክንዷን እስከ ክርኗ አስገባችው።

"ማነው ያሳያቸው?" አለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

"ለቅሶ ላይ ማን ማንን ይጠይቃል" አልኳት።

የተፈቱትን ድንጋዮች አንድ በአንድ እያነሳች ከግንቡ ሥር ደረደረች። ዝናብ እያለ አሸዋ አይደለደልም፤ ጋብ እስኪል ጉድጓዱ ክፍት ይቆያል። በዙሪያው እንጨት ተከለችና ገመድ ይኖረኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የልብስ ማስጫ ገመዴን ሰጠኋት። ፌስታል እየቀደደች አንጠለጠለችበት።

"እትዬ ጥሩወርቅ፣ እስክንመልሰው ድረስ እማማ የሺ በዚህ እንዳይሄዱ ይንገሯቸው። እሳቸው መስመሩን አምነው ነው የሚሄዱት። እጃቸውን ይያዙልኝ።"

ይያዙልኝ አለች። የእኔን እህት፣ ለእሷ ልይዝላት።

ሐምሌ 4

አልነገርኳትም። ዝናቡ አላስወጣትም፤ ምን ያስቸኩላል።

ደግሞስ አንድ ነገር እጠብቃለሁ። ሥላሴ ደርሷል፤ ለሥላሴ ቀርታ አታውቅም። "ጥሩዬ ምሪኝ" ካለችኝ ያን ጊዜ ሁሉን እነግራታለሁ፤ በታችኛው መንገድ ይዣት እሄዳለሁ። አንድ ቃል ናት። ያን ሁሉ ዘመን ዓይኗ ሆኜ ሌላ ምን ጠየቅኋት?

ሐምሌ 6

ፀሐይ ወጣች። ስንት ቀን ያልደረቀ ብርድ ልብስ አለ። ገመዴን ከእንጨቶቹ ፈትቼ አመጣሁ። የራሴ ገመድ ነው። እንጨቶቹ እንደቆሙ ናቸው፤ ያየ ሰው ያውቃል።

ማታ እራት ላይ "ነገ ሥላሴ ነው" አለች።

"አዎ" አልኩ። ጠበቅሁ። ወጧን አውጥቼ ጨመርኩላት። አሁንም ጠበቅሁ።

"ሲነጋጋ እወጣለሁ" አለች።

"እንዳሻሽ" አልኳት።

ከተኛች በኋላ ስሟን ጠርቼያት ነበር፤ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብዬ። አልሰማችኝም። ስለዚህ ጠርቼያታለሁ።

ሐምሌ 7

ወደቀች።

ሐምሌ 10

ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሯል፤ ግንባሯ ተሰንጥቆ ተሰፍቷል። ያወጣት ዳቦ ጭኖ የሚያልፍ ባለጋሪ ነው። እኔ ስደርስ ቦዩ አፍ ላይ ተቀምጣ በእጇ ድንጋዮቹን ትዳስስ ነበር። አላለቀሰችም። "መስመሩ የት ሄደ?" ነበር ያለችው፤ ደጋግማ።

ሆስፒታል ጀሶ አስረውላት ዛሬ ቤት ገባን። ቤቱ ሰው በሰው ሆነ። "አንቺ ባትኖሪላት ምን ትሆን ነበር" አሉኝ። "እግዜር ያኑርሽ" አሉኝ። ቦኖው ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ የነበረችው ሴት ዶሮ ይዛ መጣች። ተቀበልኳት።

ፈንታነሽም መጣች። ከበር አላለፈችም። "ገመዱስ?" አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

"ንፋስ ወስዶት ይሆናል" አልኳት።

ማታ የሺ ሽንት ቤት አስፈለጋት። በብብቷ ይዤ አነሳኋት። ሸክሟ ሁሉ እኔ ላይ አረፈ፤ እንደ ድሮው። ዛሬ ደክሞኛል፤ እንዲህ ደህና እንቅልፍ የሚወስደኝ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ሐምሌ 17

የማኅበሩ ስብሰባ። እንድናገር ጠየቁኝ፤ ተናገርኩ። ያን ሸካራ ረድፍ ያመጣችው እሷ ናት አልኩ። መንገዱ እንደ ሰው ሁሉ መንገድ እኩል ቢሆን ኖሮ ዓይን የሌላት አሮጊት ለምን ብቻዋን ትወጣለች አልኩ። ጉድጓድ ከፍቶ መሄድስ ምን ዓይነት ሥራ ነው አልኩ። የማኅበሩ ስብሰባ ቢሆንም አቶ ካሳሁን ዕድሩን ወክለው ተጠርተው ነበር፤ ዓይናችን ሲገናኝ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሴት አያዋርዱም።

ፈንታነሽ ስለ ገመዱም ስለ ካስማውም አላነሳችም። "ጉድጓዱን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ጠባቂ ማቆም ነበረብኝ" አለች። ያመነ ሰው ምን ይደረጋል፤ ከኃላፊነት አነሷት። በእሷ ቦታ አያሌው የሚባለው ግንበኛ ተመረጠ።

ዓይኔን ሰው ላይ እያዞርኩ ነበር። እኔን የጠቀሰኝ የለም።

ሐምሌ 26

የሺ አትናገርም። ውሃ ስሰጣት ትጠጣለች፤ ስመግባት ትበላለች። እጇን ስይዛት ልክ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰው ሲመጣ ግን ታወራለች። ፈንታነሽ ሥራ ስትጨርስ እየመጣች መስኮቱ ሥር ከውጭ ትቆማለች፤ ሁለቱ ይሳሳቃሉ። እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። ዛሬ መስኮቱን ዘጋሁት። ብርድ ይገባል።

ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገባ። የቅዳሴው ድምፅ ከቤተ ክርስቲያን በድምፅ ማጉያው እዚህ ድረስ ይሰማል። ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ትሰማለች። ቅዳሴው ሲያልቅ ሳላስበው ተናገረች።

"ድንኳኑን ሲተክሉ ድምፅሽን ሰምቻለሁ።"

ድስት እያጠብኩ ነበር።

"ከግንቡ ጎን፣ ሸካራው ላይ፣ ስትያቸው።"

"ሰምተሽ ከሆነ ታዲያ ለምን ሄድሽ?" አልኳት።

"ካስማውን ሲነቅሉ አንቺ ትሞይዋለሽ ብዬ ነው" አለች። "ሥራሽ እኮ ነው። አሸዋ አጥብቀሽ እንደምትሞይ ፈንታነሽ ሁልጊዜ ትነግረኛለች። ከእሷ እጅ የሚሻል እጅ የለንም ትላለች።"

ድስቱን አስቀመጥኩት።

"አንድ ጊዜ ምሪኝ ብትይኝ ምን ነበር?" አልኳት። "አንድ ጊዜ።"

እጇን ከብርድ ልብሱ በላይ ነበር ያደረገችው። ቀስ ብላ ወደ ውስጥ አስገባችው።

"እሱን አንቺው ታውቂዋለሽ" አለች።

አላውቅም። ቆዳዋ ስስ ነው ብያለሁ።

ነሐሴ 14

ትናንት ቡሄ ነበር፤ ልጆቹ በየበሩ ጨፍረው እኛን ዘለሉን። ዛሬ ጠዋት ፈንታነሽ መጣች፤ ከኋላዋ አቶ ካሳሁንና ሦስት የዕድር ወንዶች፣ ቃሬዛ ይዘው። የሞተ ሰው ያለ መስሎት ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

"ምንድነው ይህ?" አልኩ።

"እኔ ነኝ የጠራኋቸው" አለች የሺ ከመደቧ። ለብሳ ጨርሳለች፤ ምርኩዟን ጭኗ ላይ አድርጋለች። "ፈንታነሽ ዘንድ ልሄድ ነው።"

"ከትምህርት ቤቱ ማዶ ያለችው ክፍል? ኪራይ ቤት? ዘመድ እያለሽ ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ሲያይሽ የኖርሽው አንቺ ነሽ ጥሩዬ። እኔ ሰው አላይም።"

ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። አቶ ካሳሁንን "እርስዎ እንኳ?" አልኳቸው።

"ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ የት እንደምመታ የጠየቅሁ እኔ ነኝ" አሉ። "ከዚያ ወዲያ ሌሊት አልተኛሁም። እስቲ ዛሬ እንኳ ልሸከም።" ከዚያ ጎንበስ ብለው ቃሬዛውን ያዙ።

ሲያወጧት በሩ ጠበባቸው። እግሯን እንዳይመቱት እኔ ነኝ መቃኑን የያዝኩላቸው። ፈንታነሽ ስታልፍ "እትዬ፣ በፈለጉ ሰዓት ይምጡ" አለችኝ። እኔን ለገዛ እህቴ እንግዳ አደረገችኝ።

ነሐሴ 29

ቤቱ ይንጫጫል፤ ጣሪያውን ዝናብ እየመታው ነው። ሰው ሲጠይቀኝ "ደህና ናት፣ ተኝታለች" እላለሁ። ከሩቅ ሰፈር የመጣ ሁሉ ያምናል። አንዷ ዛሬ "እህቷን የምታስታምም ብርቱ ሴት" ብላ ለባሏ አስተዋወቀችኝ። ቅር አላለኝም። ሁለት ሳህን አቅርቤ አንዱን መልሼ አጠብኩ።

መስከረም 21 ቀን 2007

ዝናቡ ወጣ፤ ሥራ ጀመርን። የእኛን ሰፈር ጉድጓድ ሞልተን ዘጋነው። አያሌው ድንጋዩ ሁሉ እኩል ይሁን አለና ሸካራው ረድፍ ጠፋ፤ እንደማንኛውም መንገድ ሆነ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ከዚያ ከትምህርት ቤቱ ማዶ ሥራ አለ ተባለ። ከፈንታነሽ ክፍል እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የላይ በር። አባላቱ ጠይቀው አዲሱን ሸካራ መስመር ፈንታነሽ ራሷ እንድታነጥፈው ተስማምተዋል። አያሌው "አሸዋውን እትዬ ጥሩወርቅ ይሙሉ" አለ። ካልሆነ ሌላ ሰው እናያለን ሲልም አልተቆጣም፤ እንደ ተራ ነገር ነው ያለው።

አልሞላም ልል ነበር። አፌ ላይ ነበር። ሌላ ሴት ትሙላው፣ ላይ ላዩን ጠርጋ ትሂድ፣ መጪው ክረምት ይፈታው። ያን ጊዜ ያዩታል።

መጥረጊያዬን ይዤ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አልጽፍም።

ጥቅምት 8

መስመሩ ዛሬ አለቀ። ፈንታነሽ ድንጋዩን ስታስቀምጥ እኔ ከኋላዋ ነኝ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም ቃል አልተለዋወጥንም። በየመጋጠሚያው ጠርጌ፣ ውሃ ረጭቼ፣ ሲሰምጥ ደግሜ፣ ጣቴ እስኪላጥ ሞላሁት። ካስማ ቢመቱበት ካስማው ይጎብጣል።

ከሰዓት በኋላ ጎንበስ ብዬ የመጨረሻውን ስሞላ የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። ሸካራው ላይ ይንኮሻኮሻል። ቀና ሳልል አወቅኋት። ጀሶው ወልቋል፤ ግራ እግሯን ትስባለች። ፈንታነሽ ከኋላ ከኋላዋ ትሄዳለች፣ እጇን ሳትይዝ።

ከመንገዱ ልነሳ አልኩ፤ ጉልበቴ እሺ አላለኝም። ምርኩዟ መጥረጊያዬን ነካና ቆመ።

"ማን አለ?" አለች።

ፈንታነሽ እኔን አየች፣ እሷን አየች።

"ሠራተኛ ናቸው እማማ። አሸዋ የሚሞሉት ናቸው።"

የሺ ምርኩዟን ተደግፋ ቀስ ብላ ጎንበስ አለች። እጇ ከእጄ አጠገብ አረፈ። ድንጋዩን ዳሰሰች፤ መጋጠሚያውን በጣቷ ጫን አድርጋ ተከተለችው፣ አንዱን፣ ከዚያ ቀጣዩን። አልሰመጠም። የእጇ አንጓ ፊቴ ሥር ነበር፤ ንጹሕ ነው፣ አንድ ምልክት የለበትም።

"አጥብቀው ነው የሞሉት" አለች። "እጅዎ ይባረክ እናቴ። እኔ በዚህ ነው የምኖረው።"

አንቱ አለችኝ። መረቀችኝ። በሕይወቷ መርቃኝ አታውቅም። አንድ ቃል ብናገር፣ ብስል እንኳ፣ ምርቃቱን መልሳ ትወስደው ነበር። አልተናገርኩም። ተነሳችና በመስመሩ ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች፤ እስክትታጠፍ ድረስ ድምፁን ሰማሁት።

ነገ ጠዋት እንደገና ታልፋለች። እኔም አሸዋ ልደግምበት ነው ብዬ እዚያው እገኛለሁ።

ከእንግዲህ በዚያ መንገድ ላይ ድምፄን አላሰማም።